ለልጅዎ አዳራሽ ከመከራየትዎ በፊት

እህቴ፣ የ11 ዓመት ልጅዎ እዚህ ቡዳፔስት ቫዮሊን እንደምትማር፣ መምህሯም ዘንድሮ ብቻዋን ኮንሰርት እንድታቀርብ እንደሚወተውቱዎት ጽፈው «እሺ ልበል ወይስ ልከልክል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ለወንድ ልጄ እሺ ብዬ ነበር፤ ያንን ዕዳ እርስዎም እንዳይከፍሉ ነው እንዲህ የማስረዝመው።

አንደኛ፣ ችኮላው የከተማው የቆየ አመል ነው። ዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች ዮዜፍ ሲጌቲ በ1892 (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እዚሁ ተወልዶ፣ ዛሬ በፍራንዝ ሊስት ስም በሚጠራው የሙዚቃ አካዳሚ የየኖ ሁባይ ተማሪ ሆነ። ሁባይ የታላቁ ቫዮሊን ተጫዋች የዮአኪም ደቀ መዝሙር ነበር፤ ክፍሉ ግን በተአምረኛ ልጆች የተሞላና በጣት ቅልጥፍና የሚፎካከሩበት እንደነበረ ሲጌቲ ራሱ በኋላ በቅሬታ ጽፏል። በ1905፣ በ13 ዓመቱ፣ በርሊን ላይ ለሕዝብ ቀረበ፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ልጅ በፍራንክፈርት ሰርከስ ውስጥ በሌላ ስም እየተጠራ ይጫወት ነበር። ዮአኪም ትምህርቱን ከእርሱ ዘንድ እንዲጨርስ ቢጋብዘውም ሳይቀበል ቀረ። ከዚያ የልጅነት መኩራራት ያነቃው በእንግሊዝ ሲኖር የተወዳጀው ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ቡሶኒ ነው።

ሁለተኛ፣ የአቀናባሪውን የባኽን ሥራዎች አያስዘልሏት። ልጄ በ12 ዓመቱ የጣት ቅልጥፍና የሚታይባቸውን የሳራሳቴን የጂፕሲ ዜማዎች እንደ ውሃ ያንቆረቁራቸው ነበር። እኔም ሞኙ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ሳምንት ሲቀረው፣ ያልፋል ብዬ ለደስታው ኮንሰርት አዳራሽ ተከራይቼ ቀብድ ከፈልሁ። ፈታኞቹ ሳራሳቴን ገና ሳያጋምስ አስቁመው፣ ከባኽ ጂ ማይነር የብቸኛ ቫዮሊን ሶናታ አዳጆውን፣ ማለትም ዝግ ያለውን የመክፈቻ ክፍል ጠየቁት። የመክፈቻው ኮርድ (በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች) አራቱንም ክሮች በአንድ የቀስት ምት ይጠይቃል፤ ልጄ ቀስቱን ሲጫነው ክሩ ሲጥ አለ፣ ሲ ቤሞል የምትባለው የኮርዱ ድምፅ ከቦታዋ ሸሸች፣ ከአገጩ ሥር ያነጠፋት መሐረብ በላብ ራሰች። ውጤቱን ልጠይቅ ስሄድ በመስኮቱ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ሳትል ወረቀቱን በአንድ ጣቷ ገፋችልኝ፤ ምክንያቱን ስጠይቃት የተናገርሁት እንዳልገባት ሁሉ መስኮቱን ዘጋችው። ሃንጋሪኛዬ ያን ያህል አይከፋም!

የሚያንገበግበኝ ያው ሶናታ መሆኑ ነው። ቤልጂየማዊው ቫዮሊን ተጫዋችና አቀናባሪ ኢዛይ በ1923 ስድስቱን የብቸኛ ቫዮሊን ሶናታዎች እንዲጽፍ ያነሣሣው ሲጌቲ ይህንኑ የባኽ ሥራ ሲጫወት መስማቱ ነው፤ የመጀመሪያውንም ለእርሱ አበረከተለት። የሃንጋሪው አቀናባሪ ባርቶክም በ1928 ራፕሶዲ ከተባሉት የቫዮሊን ሥራዎቹ የመጀመሪያውን ለእርሱ ሰጠ፤ በ1940 ዋሽንግተን ውስጥ አብረው ተጫወቱ። ሲጌቲ ክርኑን ከጎኑ አስጠግቶ በአሮጌው አያያዝ የሚጫወት ሰው ነበር፤ ከእርሱ ይልቅ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ሞልተው ሳለ አቀናባሪዎቹ እርሱን የመረጡት ለሙዚቃው ባለው አስተዋይነት ይመስለኛል።

ሦስተኛ ልል ያሰብሁት ስለ መምህር ምርጫ ነበር። ልጄን ጡረታ የወጡ አንዲት ሴት መምህርት ዓመት ሙሉ ስኬል (የድምፅ መሰላል ልምምድ) እና ባኽ ብቻ አስጠንተውት፣ በሁለተኛው ፈተና አለፈ፤ ዛሬ በኳርቴት (በአራት ተጫዋቾች ቡድን) ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን ይጫወታል፣ እኔም ለሰው ሁሉ ሳላወራ አላልፍም።

ስለዚህ መምህሯን በጨዋ ደንብ አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ልጅቷ ያለ ፒያኖ አጃቢ አንድ ዝግ ያለ የባኽ ክፍል ታሰማዎት። ድምፁ እስከ መጨረሻው ካልተዛባ ቀኑን ይቁረጡ። ከተዛባ ግን አዳራሹ ይቆይ፤ የእኔ ቀብድ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።