ዝም የሚሰኙ የፈንገስ ጂኖች፦ ጥያቄና መልስ

ፈንገሶች በአርኤንኤ (ከዲኤንኤ በሚቀዳው ሞለኪውል) አማካይነት ጂን ዝም ስለሚያሰኙበት፣ ማለትም ጂኑ ሳይጠፋ ሥራውን ስለሚያቆሙበት መንገድ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ነገሩ እንዴት ታወቀ?

መልስ፦ በቀለም። ኒውሮስፖራ ክራሳ የተባለው የዳቦ ሻጋታ ደማቅ ብርቱካናማ ነው። ቀለሙ ካሮቲኖይድ ሲሆን፣ እሱን ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ጂኖች አንዱ አልቢኖ-1 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሮማኖና ማቺኖ የተባሉ ተመራማሪዎች የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ ያስገቡባቸው አንዳንድ ሻጋታዎች፣ ቀለማቸው በመድመቅ ፈንታ ነጣ። ዝም ያለው የገባው ቅጂ ብቻ ሳይሆን የሻጋታው የራሱ ጂንም ጭምር ነበር። ክስተቱን ኩዌሊንግ አሉት። ድርብ (ሁለት ክር ያለው) አርኤንኤ በትል ላይ ጂን ዝም እንደሚያሰኝ ፋየርና ሜሎ የተባሉት ተመራማሪዎች ያሳዩት ከዚያ በኋላ፣ በ1998 ነው።

ጥያቄ፦ ጂኑ ተበላሽቶስ እንደሆነ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱ የጄኔቲክስን ውበት ያሳያልና። አንደኛ፣ የነጡት ሻጋታዎች እየቆዩ ወደ ብርቱካናማነት ሊመለሱ ይችላሉ። ሁለተኛው ማስረጃ ይበልጣል። ፈንገስ ከሁለት ዝርያ የመጡ ኒውክለሶችን (ዲኤንኤ የያዙ የሕዋስ ማዕከሎችን) በአንድ ሳይቶፕላዝም (በሕዋስ ውስጥ ባለ ፈሳሽ) ማኖር ይችላል። ዝም የተሰኘውን ሻጋታ ከጤነኛው ጋር ሲያዋህዱ የጤነኛው ኒውክለስ ጂንም ዝም አለ። እንግዲህ ትእዛዙ በዲኤንኤው ላይ ታስሮ የቀረ አይደለም፤ ከኒውክለስ ኒውክለስ የሚሻገር ነገር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሪፕ ከሚባለው ሌላ የፈንገስ ዘዴ ጋር ያምታታል። ሪፕ ከሚዮሲስ (ለወሲባዊ ርቢ ከሚደረገው የሕዋስ ክፍፍል) በፊት የተደጋገመ ዲኤንኤን ፈልጎ ሲ የተባለውን የዲኤንኤ ፊደል ወደ ቲ ይለውጣል፤ እሱ እውነተኛ ሚውቴሽን፣ ማለትም የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ ስለሆነ ቋሚ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራውን የሚሠሩት የትኞቹ ጂኖች ናቸው?

መልስ፦ ዝም ማሰኘት የተሳናቸው ሚውታንቶች (ጂናቸው የተለወጠ ሻጋታዎች) ሲፈለጉ ሦስት ጂኖች ተገኙ። ኪውዲኢ-1 ከአርኤንኤ ላይ አርኤንኤ የሚቀዳ ኤንዛይም ይሠራል፤ ኪውዲኢ-2 በትናንሽ አርኤንኤ እየተመራ ተዛማጁን አርኤንኤ የሚያፍን አርጎኖት የተባለ ፕሮቲንን፤ ኪውዲኢ-3 ደግሞ ዲኤንኤ የሚፈታ ሄሊኬዝ የተባለ ኤንዛይምን። ድርብ አርኤንኤውን ወደ እነዚያ ትናንሽ አርኤንኤዎች የሚቆራርጠው ዳይሰር የተባለ ኤንዛይም ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ሻጋታው ሁለት ዳይሰሮች አሉት፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይሸፍንለታል፤ ኩዌሊንግ የሚቆመው ሁለቱም ሲጠፉ ነው። ሚውታንት በመፈለግ ብቻ ጂን ለማግኘት የሚሞክር ሰው ይህን ልብ ይበል።

ጥያቄ፦ የዳቦ እርሾም ይህ ሥርዓት አለው?

መልስ፦ የለውም፤ ዳይሰርም አርጎኖትም ጠፍተውበታል። ዘመዱ ናውሞቮዛይማ ካስቴሊ ግን አለው። እርሾ ጎረቤቶቹን የሚገድል መርዝ የሚያገኝበት ቫይረስ አለ፤ ቫይረሱ የሚኖረው በድርብ አርኤንኤ ነው። ሥርዓቱን መልሰው ሲያስገቡለት እርሾው ቫይረሱን አጣ። መሣሪያውን ይዞ ለመቆየት መከላከያውን መጣሉ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ፈንገስ አርኤንኤውን ወደ ተክል ይልካል?

መልስ፦ አዎ። ቦትራይቲስ ሲኔሪያ የተባለው ተክል የሚያጠቃ ፈንገስ ትናንሽ አርኤንኤዎቹን ወደ ተክሉ አስገብቶ፣ በተክሉ በራሱ አርጎኖት የተክሉን የመከላከያ ጂኖች ያፍናል።

ጥያቄ፦ ከመድኃኒት መቋቋም ጋርስ ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል፤ ሰዎችን የሚያጠቃው ሙኮር ሰርሲኔሎይደስ የተባለ ፈንገስ ምስክር ነው። ታክሮሊመስ የተባለው መድኃኒት ፈንገሱን የሚጎዳው ከአንድ የፈንገሱ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው። አንዳንድ የሙኮር ናሙናዎች የዚያን ፕሮቲን ጂን በትናንሽ አርኤንኤዎች ዝም አሰኝተው መድኃኒቱን ተቋቋሙ። የጂኑ ፊደል አልተነካም። መድኃኒት በሌለበት ተደጋግመው ሲባዙ ጂኑ ተመልሶ ሠራ፤ መድኃኒቱም እንደ ቀድሞው ይጎዳቸው ጀመር። ስለዚህ ጂኑን አንብቦ ሚውቴሽን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ እነዚህን ያልፋቸዋል።