ካምቢዮው ሳይመረመር አይውረድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሹን በራሱ የሚቀያይረው ክፍል) ናቸው። ስጋታችሁ ይገባኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ በእጅ ያለችውን ጠብቆ መያዝ ግድ ሆኗል። የሚያናድደኝ ግን ብዙዎቻችሁ ዘይቱ እንኳ ሳይታይ «ካምቢዮው ይውረድ» መባላችሁ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2004 ኮሮላ ናት። ጠዋት አስነስቼ ዲ ሳስገባ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም ትልና ከዚያ ግጭ አድርጋ ትይዛለች። መካኒኩ ካምቢዮው ይፈታ ይላል። ምን ላድርግ? (ከሰሚት)

መልስ፦ መጀመሪያ ዘይቱን ይዩ። የእርስዎ መኪና የካምቢዮ ዘይት መለኪያ አላት። ካምቢዮው እስኪሞቅ ትንሽ ይንዱና ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዙ። ፍሬን እንደረገጡ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል ድረስ በየቦታው ትንሽ እያቆዩ ያሳልፉትና ወደ ፒ ይመልሱ። አሁን ሞተሩን ሳያጠፉ መለኪያውን ያውጡ፣ ይጥረጉ፣ መልሰው ከተው ይለኩ። ዘይቱ «ሆት» በሚለው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት። ብዙ ሰው እንደ ሞተር ዘይት አጥፍቶ ስለሚለካ ይሳሳታል። (የሆንዳ ባለቤቶች ግን ተጠንቀቁ፤ የእናንተ የሚለካው ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ነው።)

ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ያድርጉ። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ (እየተጣበቁ ኃይል የሚያስተላልፉት ዲስኮች) ተቃጥለዋል ማለት ነው። ቀይ ሻይ ላይ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ከታየዎት ግን መኪናዋን አይንዱ። የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል። ውሃው የፍሪሲዮኑን ሙጫ ይፈታዋል። ራዲያተሩ ሳይቀየር ካምቢዮውን መሥራት ገንዘብ መጣል ነው።

ዘይቱ ከጎደለ የፈሰሰበትን ይፈልጉ፤ የካምቢዮ ዘይት በራሱ ተቃጥሎ አያልቅም። የኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጓርኒሲዮን፣ የአክስሎቹ ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ)፣ ወደ ራዲያተር የሚሄዱት ቱቦዎች ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ዘይቱ ሙሉና ንጹህ ሆኖ፣ ፊልትሮውም ተቀይሮ መዘግየቱ ካልተወ የውስጥ ሲሎች ደርቀው ይሆናል። ያኔ መካኒኩ ልክ ነው፣ ይፈታ።

ጥያቄ፦ ማርሹ ከፒ አልወጣም አለኝ። ሞተሩ ይነሳል፣ ፍሬን ረግጫለሁ፣ ግን ንቅንቅ አይልም። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ፍሬን ረግጠው የኋላ የፍሬን መብራቱ መብራት አለመብራቱን ሰው ይይልዎት። ካልበራ ችግሩ ፊውዙ ወይም የፍሬን ፔዳሉ ስዊች ነው፤ ካምቢዮው ፍሬን መረገጡን አላወቀም። ብዙ መኪና ላይ ከማርሹ ጎን ትንሽ ክዳን አለች። በውስጧ ያለውን ቁልፍ ፍሬን እንደያዙ ቢጫኑት ማርሹ ይለቃል። እስከ ጋራዥ ያደርስዎታል፤ ግን የፍሬን መብራት የለዎትምና ቀስ ብለው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በ70 አካባቢ ስነዳ መኪናው ኮረኮንች ላይ ያለ ያህል ይንቀጠቀጣል። ስፈጥን ይተወዋል። (ከአዳማ)

መልስ፦ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ኮንቨርተር የሚባል ክፍል አለ። በዚህ ፍጥነት ውስጡ ያለው ፍሪሲዮን ሁለቱን አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። ዘይቱ ሲያረጅ ፍሪሲዮኑ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፤ የሚሰማዎት መንቀጥቀጥ ከዚያ ሊሆን ይችላል። መለያ ዘዴ አለው። መንገዱ ቀጥ ያለና ከኋላ ማንም የሌለበት ቦታ ላይ፣ ነዳጁን ሳይለቁ በግራ እግር ፍሬኑን መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ በስሱ ይንኩት። ኮንቨርተሩ ወዲያው ቁልፉን ይለቃል። መንቀጥቀጡ በዚያው ቅጽበት ከቆመ ጥፋቱ እዚያ ነው። ካልቆመ የሞተሩ ካንዴላና ኮይል (እሳት የሚሰጡት ክፍሎች) ይታይ።

ኮንቨርተሩ ከሆነ በትክክለኛው ዘይት መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። በታፖ (ከሥር ባለው የማፍሰሻ ቡሎን) የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ስለሆነ ቀይረው፣ ለጥቂት ቀናት ነድተው፣ ደግመው ይቀይሩ። «ዘይት ከተቀየረለት ካምቢዮው ይሞታል» የሚባለውን እዚህ ላይ አይስሙ። የሚሞተው ቀድሞም ሲንሸራተት የነበረ፣ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ካምቢዮ ነው።

ጥያቄ፦ ቪትዜ ሲቪቲ ናት። ዘይት ቀያሪው «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ተራ ቀይ የካምቢዮ ዘይት ሞላልኝ። ችግር አለው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አለው! ሲቪቲ የብረት ቀበቶን በሁለት ፑሊዎች መካከል ጨምቆ ነው የሚሠራው፤ ቀበቶው እንዳይንሸራተት የሚያደርገውም የራሱ ዘይት ነው። ቶዮታ ለነዚህ ካምቢዮዎች «ሲቪቲ ፍሉይድ ቲሲ»፣ ለአዳዲሶቹ ደግሞ «ኤፍኢ» የሚባል ዘይት አለው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ ይዩ። እስከዚያ አይንዷት። ዘይቱ ወጥቶ በትክክለኛው ይተካ፤ ከላይ እንዳልኩት አንድ ዙር አይበቃም።

ጥያቄ፦ ካምቢዮዬ አልቋል፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ? (ከጀሞ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ኮዱን። የቶዮታ መኪና የመረጃ ሳህን ላይ የካምቢዮው ዓይነት ተጽፏል፤ መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ አይግዙ። ሲገዙም ዘይቱን በሶፍት ይፈትሹ፣ ኮንቨርተሩንም አብረው ይውሰዱ። የድሮው ተቃጥሎ ከሆነ የራዲያተሩ ማቀዝቀዣና ቱቦዎቹ ሳይታጠቡ አዲሱ አይታሰር። እዚያ የቀረው ቅንጣት ተመልሶ አዲሱን ይበላዋል።

ዋናው ግን የሚታሰርበት ሰዓት ነው። ካምቢዮው ሲታሰር እዚያው ይቁሙ። ኮንቨርተሩ በእጅ እየዞረና እየተገፋ ሲገባ ሁለት ሦስት ጊዜ «ቀጭ» እያለ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ጨርሶ ሲቀመጥ ከካምቢዮው አፍ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በእጅ ተገፍቶ መግጠም አለበት። መሃሉ ክፍተት እያለ በቡሎን እየሳበ ሊያገናኘው የሚሞክር መካኒክ ካዩ ያስቁሙት፤ የዘይት ፖምፓው ገና ሞተሩ ሳይነሳ ይሰበራል። ቡሎኖቹ ከጠበቁ በኋላም ኮንቨርተሩ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ሳህን) ጋር ሳይታሰር በፊት በእጅ ሲያዞሩት በነፃነት መዞር አለበት። ካልዞረ መልሰው ያስወርዱት።