ከውድድሩ ይልቅ ሌሊቱ፦ ስኳር ሕመም ላለበት ስፖርተኛ ጥያቄና መልስ

ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እያለብኝ 11 ዓመት በመካከለኛ ርቀት ሮጬ ጫማዬን ሰቅያለሁ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። የመድኃኒት መጠን ግን አትጠይቁኝ፤ እሱ የሐኪማችሁ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ኳስ ተጫዋቹ የ12 ዓመት ልጄ በቅርቡ ስኳር አለበት ተባለ። ኳሱ አከተመ ማለት ነው?

መልስ፦ አላከተመም፣ እናቴ። የናቾ ፈርናንዴዝም ሕመም የታወቀው በ12 ዓመቱ ነው፤ ኳስ አበቃልህ የሚል ቃልም ከሐኪም ሰምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የሪያል ማድሪድ አምበል ሆኖ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ፤ ለእርሱ ስድስተኛው ነው። ልጅዎን ሌላ ሐኪም ጋርም ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ስፖርት ስኳር ያወርዳል ይባላል። እኔ ግን 400 ሜትር ሮጬ ስለካ ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መሣሪያህን አትማው። በአጭርና ኃይለኛ ሩጫ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይረጫል። በረጅሙ ሩጫ ደግሞ ጡንቻው ስኳሩን ይስበዋል፤ ቀድመህ የተወጋኸው ኢንሱሊን፣ ስኳር አውራጁ መድኃኒታችን፣ ሲጨመርበት ቁልቁል ይወርዳል። የውድድር ጭንቀት ብቻውን ከፍ ያደርገዋል። እኔ አንድ ጊዜ ከማጣሪያ በፊት ቁጥሩ አስደንግጦኝ የተወጋሁት ኢንሱሊን ገና ሳልጨርስ ጉድ አድርጎኛል።

ጥያቄ፦ ከሁሉ ያስቸገረህ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሌሊቱ። ጡንቻ የጨረሰውን ስንቅ ለመተካት ከልምምድ በኋላ ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ 24 ሰዓት፣ ከደም ስኳር ሲስብ ይቆያል። አንድ ሌሊት አንሶላው በላብ ርሶ ነቃሁ። የጭማቂው ካርቶን ራስጌዬ ነበር፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ቀሰሙን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ሦስቴ ሳትኩ። በጥርሴ ቀድጄ ጠጣሁትና ስለካ 48። ከዚያ ወዲህ ጭማቂው የሚያድረው በጠርሙስ፣ ክዳኑ ላልቶ ነው።

ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን 15 ግራም ፈጣን ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ቸኮሌት አይሆንም፤ ስቡ ያዘገየዋል።

ጥያቄ፦ ኢንሱሊን ከተከለከሉ መድኃኒቶች ይቆጠራል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከውድድር ውጭም የተከለከለ ነው። ሕመምተኛ ግን በሕክምና ማስረጃ ፈቃድ ያገኛል። ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ።

ጥያቄ፦ ሕመሙ ከታወቀ በኋላ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ አለ?

መልስ፦ አሜሪካዊው ዋናተኛ ጋሪ ሆል ጁኒየር። እ.ኤ.አ. በ1999 ታወቀ፤ በ2000 ሲድኒ ላይ በ50 ሜትር ፍሪስታይል ከአንቶኒ ኤርቪን ጋር እኩል ገብቶ ወርቅ ወሰደ፤ በ2004 አቴንስ ላይ ደገመው።

ጥያቄ፦ ለአሠልጣኜ ልናገር? ከቡድኑ እንዳልወጣ እፈራለሁ።

መልስ፦ ተናገር። ፍርሃትህ ይገባኛል፤ እኔም ሁለት ዓመት መጸዳጃ ቤት ተደብቄ ተወግቻለሁ። የቴኒሱ አሌክሳንደር ዝቬሬቭ እንኳ ከልጅነቱ የነበረበትን ሕመም በይፋ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ያኔ የኦሎምፒክ ወርቅ በእጁ ነበር። ነገር ግን ስኳሩ ወርዶ ንግግሩ የተዘባረቀበትን ሰው፣ የማያውቅ ሁሉ ሰክሯል ይለዋል። ለአሠልጣኝህ ስትነግረው፣ ስኳር እጅግ ሲወርድ ከፍ የሚያደርገው የግሉካጎን መርፌህ በየትኛው የቦርሳ ኪስ እንዳለም አሳየው።