አሥራ ሁለት ሰው ተጫውቶ ለምን አይደበላለቅም?

ጥያቄው «የአሜሪካው ቴደስኪ ትረክስ ባንድ ‹ላይቭ ፍሮም ዘ ፎክስ ኦክላንድ› ላይ አሥራ ሁለት ሆነው እየተጫወቱ ሁሉም ድምፅ ይለያል፤ እኛ ስምንት ሆነን የቀዳነው ግን ምኑም አይለይም። የሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች የማመጣጠን) ችግር ነው?» የሚል ነው። በአብዛኛው አይደለም። ድምፁ የተደበላለቀው ሚክሰሩ ጋ ሳይደርስ፣ ልምምድ ላይ ነው።

አልበሙ የተቀዳው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ በሚገኘው ፎክስ ቲያትር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2016 ሲሆን በቀጣዩ ዓመት ወጣ። መድረክ ላይ ሁለት ድራመር፣ አንድ ቤዝ፣ ኪቦርድና ፍሉት ይጫወት የነበረው ኮፊ በርብሪጅ፣ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ትሮምቦን፣ ሦስት ተቀባይ ድምፃውያን፣ ሱዛን ቴደስኪ በድምፅና በጊታር፣ ባለቤቷ ዴሬክ ትረክስ ደግሞ በጊታር አሉ። አንድ ዘፈን ምረጡና በሄድፎን እየሰማችሁ እያንዳንዱ ሰው የት የት ላይ ዝም እንደሚል ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ የራሳችሁን ቅጂ እንደዚሁ አድርጉ። የእናንተ ወረቀት ባዶ ከሆነ መልሱን አገኛችሁት ማለት ነው።

ሁለት ድራም ካላችሁ ከዚያ ጀምሩ። በዚህ ባንድ ሁለት ድራመር ማሰለፍ ከአሜሪካው የሮክ ባንድ ከኦልማን ብራዘርስ የመጣ ልማድ ነው፤ እዚያ ከሁለቱ ድራመሮች አንዱ የዴሬክ አጎት ቡች ትረክስ ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ምት በስኔር (ጥርት ያለ ድምፅ ባለው ከበሮ) እና በሃይሃት (በእግር በሚከፈትና በሚዘጋ ጥንድ ሲምባል) ከመቱ፣ የ20 ወይም የ30 ሚሊሰከንድ ልዩነት እንኳ እያንዳንዱን ምት ድርብ ያደርገዋል፤ ቤዙም የትኛውን ኪክ (በእግር የሚመታውን ትልቅ ከበሮ) እንደሚከተል ይጠፋበታል። ስለዚህ አንዱ ኪክ፣ ስኔርና ሃይሃቱን ይያዝ፤ ሌላው በቶምና በትንንሽ የምት መሣሪያዎች ይሙላ። ሁለቱ ኪኮች በተለያየ ከፍታ ይቃኙ። ሲምባል በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይምታ፤ በየድምፃዊው ማይክ ውስጥ ገብቶ ቅጂ የሚያበላሸው በዋናነት እሱ ነው።

የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ድምፃዊቷ እየዘፈነች ረዥም ኖታ ከያዙ ቃሏን ይሸፍኑታል። ስንኙ ሲያልቅ ይመልሱላት። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የ1960ዎቹን የአዲስ አበባ ዘፈኖች ብትሰሙ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ነው የሚገቡት። ኪቦርዲስቱ ደግሞ ግራ እጁን ያንሳ፤ ታችኛው ድምፅ የቤዙ ነው። ብዙ ባንድ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህቺ አንዲት እርማት ናት።

የዴሬክን ስላይድ (ጣት ላይ በሚጠለቅ ቱቦ ክሩ ላይ እየተንሸራተቱ መጫወት) ለመሞከር ለሚፈልገው ጊታሪስታችሁ፦ ቅኝቱ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ቢ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፣ ኢ ነው። ከመደበኛው ቅኝት አምስተኛውና አራተኛው ክር በአንድ ቶን፣ ሦስተኛው በግማሽ ቶን ይጠብቃሉ። ክር የሚበጠስባችሁ ከሆነ ሁሉንም አንድ ቶን ዝቅ አድርጋችሁ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ዲ ቃኙና ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን በሙሉ የሚጫን መቆንጠጫ) እሰሩ። ስላይዱ በፍሬቱ ብረት ትክክል ላይ ይቁም፤ ከዚያ ወደ ኋላ ከቀረ ድምፁ ይወርዳል። ከስላይዱ ኋላ ያሉት የግራ እጅ ጣቶች ክሩን በስሱ ይንኩ፣ የማይመታውን ክር የቀኝ እጅ ይያዘው፤ አለበለዚያ ይንጫጫል። ዴሬክ ያለ ፒክ፣ በጣቱ የሚጫወተው ለዚህም ይመቸዋል። ፍሬት ስለማይገድበው ትክክለኛው ድምፅ እንደ ማሲንቆ በጆሮ ነው የሚገኘው። በአልበሙ «ዚዝ ዎልስ» ዘፈን ላይ እንግዳ ሆኖ የገባው የአላም ካን ሳሮድም (የህንድ የክር መሣሪያ) ፍሬት የሌለው ስለሆነ፣ ሁለቱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተቱ አብረው መስማት በጣም ያስተምራል። እኔ ከአልበሙ ሌሎች ዘፈኖች አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ቅጂው። ለአንድ ድራም አራት ማይክ (ኪክ፣ ስኔር፣ ከላይ ሁለት) ይበቃል፤ ሁለት ድራም ከሆነ ስምንት። ቤዝ በቀጥታ መስመር አንድ፣ ጊታር ሁለት፣ ኪቦርድ ሁለት፣ ትንፋሽ ሦስት፣ ድምፃውያን አራት፣ ተመልካች ሁለት፤ ድምሩ 22 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቻናል ለብቻው ወደ ኮምፒውተር የሚልክ ባለ 32 ቻናል ዲጂታል ሚክሰር ተከራዩ። ስቴሪዮ ብቻ ከቀዳችሁ በኋላ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማረም አይቻልም። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቀር ጌኑን (ወደ ሚክሰሩ የሚገባውን የድምፅ መጠን) ያዙ፤ ሳውንድ ቼክ ላይ ቀስ ብሎ የዘፈነ ሰው ሕዝብ ፊት ሲቆም መጮኹ አይቀርም። ለድምፃውያን ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። የመድረክ ሞኒተሩን (ለተጫዋቾቹ የሚያሰማውን ስፒከር) ቀንሱ፤ የሞኒተር ጩኸት ማይክ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

የተመልካች ማይኮቹን ብዙ ሰው ይረሳቸዋል፣ ያለ እነሱ ግን ላይቭ ቅጂ ደረቅ ነው። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከመድረኩ 15 ሜትር ርቀው ከተተከሉ 44 ሚሊሰከንድ ገደማ ዘግይተው ይደርሳሉ። ሚክስ ስታደርጉ ትራካቸውን በዚያው መጠን ቀደም ብሎ እንዲጀምር ሳቡት፤ ካልሆነ ስኔሩ ሁለቴ ይሰማል። ቦታም አስቀድማችሁ አዘጋጁ፦ 24 ትራክ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በሰዓት 12.4 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል።