ለመመረቂያ ጽሑፌ ሲሙሌሽን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በወል ግጦሽ መሬት ላይ ነው። አማካሪዬ በኤጀንት ቤዝድ ሞዴል (እያንዳንዱ እንስሳ ወይም ሰው በየራሱ ሕግ በኮምፒውተር ላይ በሚንቀሳቀስበት ሲሙሌሽን) ሥሪው አሉኝ። እኔ ግን ፕሮግራሚንግ ተምሬ አላውቅም። አንድ የተሠራ ሞዴል ከኢንተርኔት አውርጄ ልከፍተው ስል የስህተት መልእክት እያመጣ አስቸገረኝ። የሚሠራ ምሳሌ ከየት ላግኝ? እንዴትስ ነው የሚነሣው? ደግሞ ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ያየሁት ሞዴል በተነሣ ቁጥር የተለያየ ውጤት ይሰጣል። የቱን ልመን? ይርዱኝ።
ት.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ያወረድሽውን ፋይል ለጊዜው ተይው። ኋላ እንመለስበታለን። ጀማሪ መነሣት ያለበት ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ከሚመጣ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከፈተሹት ምሳሌ ነው።

የምመክርሽ ኔትሎጎን ነው። ዩሪ ዊለንስኪ በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመሩት፣ እንዲህ ያለ ሞዴል የሚሠራበት ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬም አሜሪካ በሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያለው ማዕከላቸው ያሳድገዋል። ጥሩ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሄደሽ አንዴ አውርጂውና ጫኚው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግሽም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምሳሌዎች አብረው ይገባሉ። ለእኛ ተማሪዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራሽ አይቆምም።

ከላይ «ፋይል» የሚለውን ስትነኪ «ሞዴልስ ላይብረሪ» የሚል ታገኛለሽ። ምሳሌዎቹ እዚያ በየዘርፋቸው ተቀምጠዋል፤ ባዮሎጂ፣ ሶሻል ሳይንስ፣ ኧርዝ ሳይንስ እያለ ይቀጥላል። ባዮሎጂ ውስጥ ግቢና «ዎልፍ ሺፕ ፕሪዴሽን» የሚለውን ክፈቺ። የተኩላና የበግ ሞዴል ነው።

«ሴትአፕ» የሚለውን ስትጫኚ ሜዳው ላይ ነጫጭ በጎችና ጥቋቁር ተኩላዎች ይበተናሉ። «ጎ» ስትይው መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ተኩላው በተራመደ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በግ ከበላ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ካለቀ ይሞታል። ሁለቱም ይባዛሉ። ሕጉ በቃ ይሄው ነው። በመነሻው በጎቹ 100፣ ተኩላዎቹ 50 ናቸው። አሁን ግራፉን ተመልከቺ። አንዳንዴ ተኩላው በጉን ይፈጅና ራሱም በረሃብ ያልቃል። አንዳንዴ ደግሞ ተኩላው ቀድሞ ያልቅና በጉ ይበዛል፣ ይበዛል፤ በመጨረሻ ሞዴሉ «በጎቹ ምድርን ወረሱ» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ አውጥቶ ይቆማል። አትደንግጪ፤ የተበላሸ ነገር የለም። የሞዴሉን ዓይነት ከሚመርጠው ሳጥን ሣር ያለበትን ምረጪና እንደገና አስነሺው። አሁን በጉም ሣር ካላገኘ ይሞታል። ሦስቱም ከፍ ዝቅ እያሉ አብረው ሲዘልቁ ታያለሽ።

አንድ ነገር ልብ በይ። የመነሻ ቁጥሮቹን በስላይደሩ (ወደ ግራና ቀኝ በሚንሸራተተው መቀየሪያ) ስትቀይሪ «ሴትአፕ»ን ደግመሽ ካልተጫንሽ ምንም አይለወጥም። ብዙ ተማሪ ይሄን ሳያውቅ «ሞዴሉ አይሠራም» ብሎ ይተወዋል።

ኮዱን ለማየት አትቸኩዪ። ከላይ «ኢንፎ» የሚል ገጽ አለ። ሞዴሉ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ልብ እንደሚባል፣ ምን ቢሞከር ጥሩ እንደሆነ፣ ተመሳሳይ ሞዴሎች የትኞቹ እንደሆኑ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። ሠሪዎቹን በጽሑፍሽ ውስጥ እንዴት እንደምትጠቅሺም ይነግርሻል። እኔ ይሄን ገጽ ያላነበበ ተማሪ ኮድ እንዲነካ አልመክርም። እሱን ጨርሰሽ «ኮድ» ወደሚለው ስትሄጂ የማታውቂው ቋንቋ ራሱ ግማሹ ይገባሻል።

ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። የላይብረሪው መፈለጊያ ላይ «ኮኦፕሬሽን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፊ። የላሞች ሞዴል ነው። ስግብግቦቹ ላሞች ያገኙትን ሣር ሁሉ ይበላሉ። ተባባሪዎቹ ግን ሣሩ ከተወሰነ ቁመት በታች ከሆነ አይነኩትም፤ በጣም ያጠረ ሣር መልሶ ለመብቀል ይዘገያልና። ይሄ የወል ግጦሽ ጥያቄ ራሱ አይደለም እንዴ? ላሞቹ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚራመዱ የሚወስነውን ስላይደር ዝቅ፣ ከዚያም ከፍ አድርገሽ አስኪጂው፤ የትኞቹ እንደሚበዙ አወዳድሪ። ለአማካሪሽ የምትወስጂው የመጀመሪያ ጥያቄ እዚያ ውስጥ ታገኛለሽ።

ከዚያ «ሴቭ አዝ» ብለሽ በራስሽ ፎልደር ውስጥ በሌላ ስም አስቀምጪው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ሁለት ነገር አብረሽ ከቀየርሽ ውጤቱን ያመጣው የቱ እንደሆነ አታውቂም።

ውጤቱ ለምን ይለያያል ላልሽው፣ እንስሳቱ የሚዞሩት በዕጣ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሩጫ ተነሥተሽ አትፍረጂ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል፤ አንዴ ያስነሡትን ግራፍ «ግኝት» ብለው የሚያቀርቡ አሉና። «ቱልስ» ውስጥ «ቢሄቪየርስፔስ» የሚባል መሣሪያ አለ። የትኛው ቁጥር ከስንት እስከ ስንት ይቀያየር፣ እያንዳንዱስ ስንት ጊዜ ይደገም ብለሽ ታዢዋለሽ። እሱ ራሱ እያስኬደ ውጤቱን በኤክሴል በሚከፈት ሠንጠረዥ ያስቀምጥልሻል። ከዚያ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ውጤቶቹ ምን ያህል እንደሚራራቁም ዘግቢ። የአንዱን ሩጫ ውጤት መልሰሽ እንዲያው ለማግኘት ከፈለግሽ ደግሞ «ሴትአፕ» ውስጥ፣ ሁሉንም ከሚያጸዳው መስመር ቀጥሎ «ራንደም ሲድ» (random-seed) ብለሽ የፈለግሽውን ቁጥር ጻፊ።

አሁን ወደዚያ ፋይል እንመለስ። ተመራማሪዎች ሞዴላቸውን የሚያስቀምጡበት ኮምሴስ የሚባል ትልቅ ማከማቻ አለ፤ በላይብረሪው ከተለማመድሽ በኋላ እዚያ መፈለግ ይጠቅምሻል። ግን ከማውረድሽ በፊት በምን ፕሮግራም፣ በስንተኛው ቨርዥን እንደተሠራ እዪ። ሁሉም የኔትሎጎ አይደለም፤ በፓይተን ወይም በጋማ የተሠራም አለ። አሮጌ የኔትሎጎ ፋይል አዲሱ ላይ ሲከፈት ፕሮግራሙ ራሱ ሊያስተካክለው ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። ያኔ አሮጌውን ቨርዥን መጫን ይቀላል፤ ከአዲሱ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ካርታ ወይም ዳታ የሚያነብ ሞዴል ከሆነ ደግሞ ሙሉ ፎልደሩን አውርጂ። ዋናውን ፋይል ብቻ ካመጣሽ የሚያነበውን አጥቶ ይቆማል።

ይሄን ሁሉ አይተሽ እንቢ ካለሽ የስህተት መልእክቱን ቃል በቃል ገልብጠሽ፣ ከቨርዥኑ ቁጥር ጋር ላኪልኝ።