ቢጫው የቴሉሪየም ሶሉሽን ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄዎ ይህ ነው፦ ሴሊኒየምና ቴሉሪየምን ለየብቻ በ90 በመቶ ትራይኦክቲልፎስፊን (ቶፕ፣ ፎስፈረስ ያለበት ፈሳሽ ማሟሚያ) በ1 ሞላር (በሊትር 1 ሞል) አሟሙተዋል። የሴሊኒየሙ ጥርት እንዳለ ነው፤ የቴሉሪየሙ ግን በጥቂት ቀን ግራጫ ሆኖ ጥቁር ነገር ዘቀጠበት።

የቴሉሪየም ዱቄቱን አልጠረጥርም፤ አየር ገብቷል። የፍላስኩን ላስቲክ ክዳን ይዩት። ርካሹ ክዳን ሁለት ሦስቴ በመርፌ ከተወጋ ወንፊት ነው።

ሁለቱ አንድ ዓይነት የማይሆኑት በትስስሩ ምክንያት ነው። ሴሊኒየም ከፎስፈረስ ጋር ጠበቅ ብሎ ይታሰራል። በፎስፈረስ-31 ኤንኤምአር (የፎስፈረስ አቶሞች በማግኔት ውስጥ የሚሰጡትን ምልክት በሚያነብ መለኪያ) ጫፉ 36 ፒፒኤም (የዚህ መለኪያ የቦታ ምልክት) አካባቢ ለብቻው ይቆማል፤ በግራና በቀኙ፣ እርስ በርስ 680 ኸርትዝ ገደማ የሚራራቁ ሁለት ትንንሽ ጫፎች አሉት። የሚያንሱት፣ እነሱን የሚፈጥረው የሴሊኒየም ዓይነት (ሴሊኒየም-77) ከጠቅላላው 7.6 በመቶ ብቻ ስለሆነ ነው። ቴሉሪየም ግን ከአንዱ ፎስፊን ወደ ሌላው ሲዘል ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ከነፃው ቶፕ ጋር ተደባልቆ አንድ የሰፋ ጫፍ ብቻ ያሳያል። እንዳይዘቅጥ የሚይዘው ትርፉ ነፃ ቶፕ ነው። ኦክስጅን ያንን ትርፍ ወደ ኦክሳይድ (በኤንኤምአር 48 ፒፒኤም አካባቢ የሚታይ) ሲለውጠው ቴሉሪየሙ የሚይዘው ያጣል፤ ጥቁሩም እሱ ራሱ ነው። ብርሃን ደግሞ ያፋጥነዋል።

ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ጥቁሩን አጣርቶ በቀሪው መሥራቱን ጽፈዋል። ይህ ጥገና አይባልም፤ ከዚያ በኋላ መጠኑን ማን ያውቃል?

አዲስ ይሥሩ፣ በ0.5 ሞላር። 10 ሚሊ ሊትር 97 በመቶ ቶፕ በ100 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት በቫኩም ያስተንፍሱ። በአርጎን ሥር 0.64 ግራም ደቃቅ ቴሉሪየም ጨምረው፣ እያማሰሉ እስከ 200 ዲግሪ ያሙቁ፤ ዱቄቱ ጠፍቶ ጥርት ያለ ቢጫ እስኪሆን ይጠብቁ። ነፃው ቶፕ የቴሉሪየሙን ሦስት እጥፍ ያህል ይተርፋል። ግላቭ ቦክስ (አየር የማይገባበት፣ በጓንት የሚሠራበት ሳጥን) ውስጥ፣ በፎይል ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የ90 በመቶው ቶፕ ውስጥ ያለው ዳይኦክቲልፎስፊን የተባለ ባዕድ ነገር ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ፣ ከሶሉሽኑ የካድሚየም ናኖ ቅንጣት (እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) ሲሠሩ ውጤቱ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይከሽፋል። በእሱ የቆጠቡት ገንዘብ በከሸፈ ሙከራ በሚባክን ካድሚየም ያልቃል።

እጥበት ላይ ይጠንቀቁ፦ ካድሚየም ሴሌናይድ ወይም ቴሉራይድ በነካው ፍላስክ ላይ አሲድ አያፍስሱ። የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሴሌናይድ፣ በሥራ ቦታ አየር የሚፈቀደው 0.05 ፒፒኤም (እዚህ ከሚሊዮን እጅ 0.05) ብቻ ነው፤ የቴሉሪየሙ አቻም አይሻልም። ጥቁሩን ዝቃጭ ከነሶሉሽኑ በፊውም ሁድ (ጋዝ በሚስብ የሥራ ሳጥን) ውስጥ፣ ለብቻው፣ ስሙ በተለጠፈበት የቆሻሻ ጠርሙስ ያስቀምጡ። ጠርሙሱ ውስጥም ቢሆን አሲድ አይግባ።