«ራን» ሁልጊዜ ሩጫ አይደለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለሽንኩርት ማሳዬ ውሃ የምስብበት ፓምፕ ገዛሁ። አካሉ ላይ «ዱ ኖት ራን ድራይ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ልጄ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ደረቅ አትሩጥ» ይላል አለኝ። ነገሩ ምንድን ነው? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ በልጅዎ አይፍረዱ፤ መዝገበ ቃላቱ ገና ሲገለጥ የሚያሳየው «ሮጠ»ን ነው። ስለ ማሽን ሲነገር ግን «ራን» መሥራት ነው። ማብሪያው ላይ «ራን» እና «ስቶፕ» ተጽፎ ካዩም «ይሥራ» እና «ይቁም» ብለው ያንብቡት። የእርስዎ ጽሑፍ እንግዲህ «ውሃ ሳይኖረው አታስነሳው» ማለቱ ነው።

ማስጠንቀቂያውን ችላ አይበሉት። ሻፍቱ (የሚዞረው ዘንግ) ወደ ፓምፑ በሚገባበት በኩል ውሃ እንዳያፈስ የሚከለክል ማሸጊያ («ሲል» የሚባለው) አለ፤ እሱን የሚያቀዘቅዘው የሚሳበው ውሃ ራሱ ነው። ባዶውን ሲዞር ማሸጊያው ግሎ ይበላሻል። ከዚያ ወዲያ በሻፍቱ በኩል ይንጠባጠባል፣ አየርም ስለሚገባ ፓምፑ ውሃ አልስብ ይላል። ስለዚህ ከማስነሳትዎ በፊት አናቱ ላይ ያለውን የመሙያ ክዳን ፈትተው ውሃ እስኪተርፍ ይሙሉት። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ከነወንፊቱ ውሃ ውስጥ መጥለቁን፣ ማሰሪያውም መጥበቁን ይዩ። ተነሥቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ውሃ ካልመጣ ያጥፉት። ከጋለ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩበት፣ ማሸጊያው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ራሱ እስኪበርድ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ራን» ብዙ ፍች አለው ይላሉ። ስንቱን ልሸምድድ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አትሸምድጂ፣ አያልቅልሽም። በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በፍች ብዛት የሚመራው «ማስቀመጥ» የምንለው «ሴት» ነበር፣ ከ430 በላይ ፍች ይዞ። በኋላ በተደረገው እድሳት «ራን» በ645 ፍች በልጦታል።

ለነገሩ እኛስ ምን ጎደለብን? በሬውን መታው እንላለን፣ ከበሮ መታ፣ ሚስማር መታ፣ ባቄላውን ውርጭ መታው። ውርጭ ከተባለ ዱላ እንደሌለበት ማንም አልነገረሽም፤ ከ«መታ» አጠገብ ያለው ቃል ነው የነገረሽ። «ራን»ንም እንደዚሁ ከጎረቤቱ ጋር ያዢው። «ዘ ጀማ ራንስ ኢንቱ ዘ ዓባይ» ቢባል ጀማ ዓባይ ይገባል ነው። ያው «ራን ኢንቱ» ከሰው ጋር ሲመጣ ድንገት መገናኘት፣ መኪናና አጥር ሲኖርበት መግጨት ይሆናል። መንገድ «ራን» ሲያደርግ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ደሴ ይዘልቃል፤ የታጠበ ጨርቅ ከሆነ ቀለሙ ለቀቀ፤ አፍንጫ ከሆነ ጉንፋን ነው። ሱቅ «ራን» የምታደርግ ሴትዮም ሱቁን የምታስተዳድረው ናት።

ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው «ራን አውት ኦቭ» ላይ ነው። እኛ «ውሃ አለቀብን» ስንል ያለቀው ውሃው ነው፤ እኛ ያለነው «ብን» ውስጥ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ይገለብጠዋል፦ «ዊ ሬን አውት ኦቭ ዋተር» («ሬን» ያለፈው ጊዜ «ራን» ነው)። ባለቤቱ «እኛ» ስለሆነ ውሃው ያለ «ኦቭ» አይገባም። ውሃውን ባለቤት ካደረግሽው ግን «ኦቭ» ይቀራል፦ «ዘ ዋተር ሬን አውት»። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚያስቀንሰው ሁለቱን አደባልቆ «ዊ ሬን አውት ዋተር» ብሎ መጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ «ሃቭ ራን» ነው «ሃቭ ሬን»? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ «ሃቭ ራን»። መሐሉ ላይ «ኤ» ፊደል የሚገባው ላለፈው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከ«ሃቭ» በኋላ እንደ አሁኑ ጊዜ ወደ «ዩ» ይመለሳል። «ራኒንግ» ሲጻፍ ደግሞ «ኤን» ሁለት ጊዜ ነው።